ነቅቷል

ዜፌሪኖ፣ የማቶዚኞሽ የዓሣ ሐራጅ ጠሪ፣
ያለ ብዕር ያለ ደብተር የአርባ ጀልባ ዋጋ ቆጣሪ፣
ሰርዲኑን ከነቅርጫቱ፣ ገዥውን ከነብድሩ
በአንድ ትንፋሽ የሚያወርድ፣ ሳንቲም ሳይጎድል ከቁጥሩ፣
ዛሬ ጠረጴዛዬ ፊት እርሳስ ይዞ ያመነታል፤
ሰዓት ይሣሉልኝ ብዬው ነበር፤
ቁጥሩ ሁሉ፣ እንዳዘመመ ጀልባ ጭነት፣ ወዳንድ ጎን ተንሸራቷል።

አላረምኩትም።
አምስት ቃል ሰጠሁት፣ ቀስ ብዬ፣ ሁለቴ ደግሜ፦
ሎሚ፣ መሐረብ፣ ድልድይ፣ ከበሮ፣ ቁልፍ።
«ይያዙልኝ፣ ቆይቼ እጠይቅዎታለሁ።»
እጁን ጨበጠ፣
ቃል በመዳፍ የሚያዝ ይመስል።

ሚስቱ ኤርሜሊንዳ ከጎኑ ናት፣ ቦርሳዋን ታቅፋ።
«ቤት ከገባ ወዲህ» አለችኝ፣ ድምጿን አጥፍታ፣
«ምድጃ ይለኩሳል፣ ድስቱን ይረሳል።
ዳቦ ሊገዛ ሄዶ መልሱን መቁጠር ያቅተውና
ሻጯ የሰረቀችው ይመስል ያፈጥባታል።
የወደቡ ሰዎች ‹ተርፈሃል እኮ፣ ምን ጎደለህ?› ይሉታል።»

ምን ጎደለህ።
ሰባት ዓመት ሙሉ ይቺን ጥያቄ ነው የምቆፍር፦
ሳንባው ሲድን፣ ኩላሊቱ ሲድን፣ ትኩሳቱ ሲበር፣
በየትኛው ሌሊት፣ በየትኛው ጠብታ
ሾልኮ ወጣ የሰው ሐሳብ፣ ማንም በሩን ሳይመታ?

አምስት ደቂቃ ሞላ።
«ሎሚ» አለ። ዝም። «ድልድይ።» ግንባሩን አሸ።
ከዚያ፣ ያልሰጠሁትን፦ «ውሃ።»

ውሃ አልነበረም ልል ስል፣ ቀና ብሎ አየኝ፦
«መርከብ ሆድ ውስጥ፣ በረዶ ላይ፣ ከዓሣው ጋር አጋድመውኝ
ውሃ ስል ነበር፣ ዶቶራ።
እርስዎ መጥተው መብራቱን አጠፉብኝ።»

መዝገቡን ገለጥኩ። የካቲት፣ አሥራ ሁለተኛው ሌሊት። የገዛ እጄ ጽሕፈት፦
«ታካሚው ይወራጫል። ማስተኛ ተጨመረ።»
ከሥሩ፣ «አሁን ሰላም ነው።»

ሰላም!

ከስድስት ቀን በኋላ ሌላ መስመር አለ፣
ነርሶቹ ሲያጨበጭቡ፣ እኔም እየሳቅኩ የጻፍኩት፣ አንዲት ቃል ብቻ፦
«ነቅቷል።»

አዎ፣ ነቅቷል።
እንስራም ይነቃል፤
አፉም ጆሮውም አልጎደለ፣ ከውጭ ላየው ሙሉ ይመስላል፤
የቀዳበት ብቻ ያውቃል።

ውጤት፦ ሁለት ከአምስት።
ኅዳጉ ላይ፣ ሳጥን ላልተሠራላት ቃል፣ በእርሳስ፦
ውሃ።