ሦስት ቁጥር

ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት፤ ብራንደን ከነመንገዷ ደርቃ
የምትሞቀው እዚህ ነው፣ ሕዝቧን በአንድ ጣራ አጨናንቃ፤
ልጆች በበረዶው ላይ ይወድቃሉ፣ ይነሳሉ፣
ወላጆች በብርድ ልብስ ተጀቡነው ዳኛውን ይሰድባሉ።

ከግድግዳው ማዶ እኛ፤
እኔ እታፈራሁ፣ የሁለተኛ ዓመት ተለማማጅ፣
እሱ ኦርቪል፣ አርባ ዓመት ካቻቢቴ የያዘ እጅ፤
ከፊታችን ኳድሮው፣
በኳድሮው ውስጥ ሦስት ቁጥር ኮንታክተር፦
ጢዝዝዝ።
በክብሪት ቀፎ የተዘጋ ጢንዚዛ።

ኮምፕረሰሩ ሲነሳ «ጧ!» ማለቱ ደግ ነው፣ የጤና ድምፅ፤
እንደ በር ነው፤ ተዘጋ፣ አበቃ።
ይሄኛው ግን ከ«ጧ» በኋላም አላበቃም፤
ጥርሱን ያንገጫግጫል፣
የቆርቆሮው በር አብሮት ይንቀጠቀጣል።
ዶሎረስ ከቢሮዋ ድረስ መጥታ
«ዝም አሰኙልኝ፤ ስልክ መስማት አቃተኝ» ትላለች።

ከእኛ በፊት አንድ ሰው ዝም ሊያሰኘው ሞክሯል፤
የወተት ካርቶን አጥፎ ከሽፋኑ ሥር ወትፏል።
ኦርቪል ካርቶኑን በፒንሳ ጎትቶ አወጣው።
«አፉን ነው ያፈነው» አለኝ፤ «ምንህን አመመህ አላለውም።»

ማብሪያውን ዘጋሁ። ቁልፌን፣ ስሜ ያለበትን ቀይ ካርድ አንጠለጠልሁ።
በቴስተሩ ሦስቴ፦ የለም። የለም። የለም።
«አሁንም አትመኚው» አለ፣ ሁሌ እንደሚለው።
የሁለታችንም ጣት ባዶ ነው፤ እዚህ ቤት ቀለበት አይገባም፤
ወርቅ ኮረንቲ ያገኘው ዕለት ጣት አብሮ ይሄዳል።
የእሱ ከበሩ አጠገብ፣ ምስማር ላይ ነው፤
አርባ ዓመት ሥራ ሲገባ ተሰቅሎ፣ ሲወጣ የሚወርድ፤
ምስማሩ ራሱ ተወልውሏል።

ፈታሁት። አቧራ፣ ትንሽ ዝገት፣
ከብረቱ ፊት ላይ የተቀበረች፣ ጥፍር የምታህል የመዳብ ቀለበት፤
ተሰንጥቃለች። ፀጉር የማያስገባ ስንጥቅ።

«ተመልከቺ» አለ። «ኮረንቲ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ይመጣል፣ ይሄዳል፤
በሴኮንድ መቶ ሃያ ጊዜ ጭራሽ የለም።
ብረቱ ያን ጊዜ መልቀቅ ነበረበት።
የማይለቀው በዚች ነው፤
ዋናው ሲጠፋ ትንሽ ዘግይታ የምትደርስ፣
እስኪመለስ የምትይዝ።
እሷ ስትሰነጠቅ ነው ጩኸቱ የሚመጣው፤
ሊሞት አይደለም የሚጮኸው፣
ይለቃል፣ ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይይዛል።»

ከዚያ ዝም አለ።

ማርሊን ከጥቅምት ጀምሮ ከወንዙ ማዶ፣ የአረጋውያን ቤት ናት።
አንዳንድ ማታ በስሙ ትጠራዋለች።
አንዳንድ ማታ «አንተ የመብራት ሰውዬ፣ ሂሳቡ ስንት ነው?» ትለዋለች።
«ተከፍሏል እመቤቴ» ይላታል።
ይህን የነገረኝ ኦርቪል አይደለም፤ ዶሎረስ ናት።

ከመደርደሪያው፣ ከሞተ ወንድሙ ሆድ፣ ብረቱን ከነቀለበቱ አወጣን።
ፊቱን በደረቅ ጨርቅ ጠረግሁ፤ አልሞረድሁትም፤ ሞረድ አይወድም።
ገጠምሁ። ቁልፌን አነሳሁ።

ጧ!

ከዚያ ምንም።
ምንም ስል፣ የስኬት ብረት በረዶ ሲፍቅ ነበር፣
ጎል ያገባ ልጅ ነበር፣ የማን እንደሆነ እንጃ።
ኦርቪል የካቻቢቴውን ጫፍ ቆርቆሮው ላይ፣
እጀታውን ከጆሮው ሥር፣ አጥንቱ ላይ አሳረፈ፤
ጆሮው ከሄደ ቆይቷል፣ በአጥንቱ ነው የሚያዳምጠው።
ብዙ ቆየ። ዳኛው ሁለቴ ነፋ።

«ይዟል» አለ።

ቀለበቱን አወረደ፣ አጠለቀ፣ ጓንቱን ደረበበት።
ጠያቂ የሚገባው እስከ ሁለት ሰዓት ነው፤ ሰዓቱን አየ።
ከውጭ የመኪናው ሞተር በብርዱ ሲንገራገር ሰማሁ፤
ለቀቀ።
ተንገራገረ።
ለቀቀ።
ቆሜ ጠበቅሁ፣ መፍቻው በእጄ እንዳለ፤
ያዘ።