ሁለት ደቂቃ

የጅማ ዝናብ ነው፣ ቆርቆሮው ላይ ያብዳል፤
ከስልኬ ውስጥ ያለው ፈረንጅ ይዋጣል።
ክፍል ሊከራይ ነው፤ ስሙን ፊደል በፊደል ሲቆጥር፣
አራተኛው ላይ ነጎደ፤ አምስተኛው ቀረ በአየር።
እኔማ መልሼ እሰማዋለሁ፣ አሥር ጊዜም ቢሆን፤
ፈተናው ግን አንዴ ነው፤ አይጠብቅም ማባራቱን።

ቶፊቅ ያስጠናኛል፣ ፈረንጅ አራዳ፣ ከፋርማሲው ጀርባ።
«ምላስህን» ይለኛል «ጥርስህ መሃል አስገባ፣
ጫፉ ይታይ፣ ንፋስ ይለፍበት!»
ልጅ ሆኜ፣ ለጎረቤታችን ለሐጂ ምላሴን ያወጣሁለት ዕለት፣
አባቴ በልምጭ ነው መሰብሰብ ያስተማረኝ።
ዛሬ በሰዓት መቶ ብር ከፍዬ፣ ማውጣቱ ቸገረኝ።

«ወንዝ ከሆነ» ይላል፣ «ከፊቱ አንዲት ቃል ትቆማለች፤
ተራራ ከሆነ ትቀራለች።»
እንግዲህ አዌቱ፣ ላስቲክና ነጠላ ጫማ እየገፋ፣
በድልድዩ ሥር ሲያልፍ፣ አጃቢ አለው በይፋ፤
ጅሬን ግን የንጉሥ ግቢ አናቱ ላይ ተሸክሞ፣
ብቻውን ይቀራል። «ለምን?» አልኩት። አየኝ ደክሞ፤
«ለምን የሚባል የለም እዚህ። ሸምድድ።»
ሸመደድኩ፤ ባጃጅ ውስጥ፣ መንገድ ለመንገድ።

ማታ አባቴ ሰዓት ይይዝልኛል፣ በርጩማው ላይ ሆኖ፣
ስልኬን እንደ ጫጩት በሁለት መዳፉ ሸፍኖ።
«በቤትህ ስላለ አንድ ዕቃ ተናገር» ይላል ወረቀቱ፤
ለማሰብ አንድ ደቂቃ፣ ለመናገር ሁለቱ።
እሱ ከተቀመጠበት በቀር ሌላ ዕቃ አልታየኝ፤
እንጨት ነው፣ ሦስት እግር አለው፣ አባቴ ሠራው፤ እስከዚህ ቀለለኝ።
ከዚያ እንጨቱ ስም ላይ ደረስኩ፤
በአባቴ ዋዴሳ፣ በአማርኛ ዋንዛ፣ ወዲያ ተሻግሬ ባዶ እጄን ቆምኩ።
ያቺ ጎባጣ መጥረቢያስ፣ በየንጋቱ የምትቀሰቅሰኝ፣
የግራ አውራ ጣቱን ጫፍ የወሰደች፣ ስሟን ማን ይንገረኝ?

አባቴ እንግሊዝኛ አያውቅም። ዝም ማለቴን ግን አወቀ፤
ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል ራሱን ነቀነቀ፤
«ኢቲ ፉፊ» አለ፣ «ሃምሳ ቀርቶሃል፣ እየሄደ ነው።»
እኔም ለጨዋታ፣ በራሱ ቋንቋ፣ ይህን አልኩት፤
«ሁለት እግር አለኝ፣ አባ፤ ሦስተኛውን ስገጥም ነው የተቸገርኩት።»
«የምን መግጠም?» አለ። «የበርጩማ እግር ይገጠማል እንዴ?
ከዚያው ግንድ ነው። ያልሆነውን ትጠርባለህ፤ እግሩ ይወጣል በዘዴ።»
ይህን ሲል ጊዜው አልቆ ስልኩ ጮኸ፤
ማጥፊያውን ስላላወቀ ብብቱ ሥር አፈነው።

ነገ ሌሊት በአሥራ አንድ፣ መናኸሪያ፤ ሻንጣዬ በሩ ጋ ነው።
ዝናቡ ደግሞ ጀመረ።
«በል፣ ከመጀመሪያው» አለኝ።
ዋንዛን ዋንዛ ብዬ አለፍኩ።