ላ የሌለበት ኮንቼርቶ

በፍራንኮ ሰፈር፣ ከአሮጌው ጣቢያ ጎን፣
ባቡር ጥሎት የሄደ አንድ ፒያኖ አለ፤
ክዳኑ ላይ የሲጋራ ጠባሳ፣
አንድ እግሩ በካርቶን የተደላደለ።
ቁልፎቹ ደኅና ናቸው፣ ካንዲቱ በስተቀር፤
የመሀሏ ላ፣
ሽቦዋ ተበጥሶ፣ ቋ ብቻ ትላለች፣
ስሙን ሳይናገር ደጅ እንደሚመታ
የሌሊት እንግዳ።

ከአዲስ አበባ ቃኚ ሁለት ጊዜ ጠራሁ፤
ሁለቴም ቀጠረኝ፣ መንገዱ ተዘጋ።
«ሰላም ሲሆን፣ ጌታው፣ እመጣለሁ» አለኝ፤
ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ስልኩም ተዘጋ።
እኔ በጥቅምት ስድሳ ሦስቴን ልይዝ ነው፤
ሰላም እስኪመጣ ጣቶቼ አይጠብቁም።
በተማሪ ፈተና ጀርባ ላይ አሰመርኩ
አምስት አምስት መስመር።
ፊቱ ላይ «እውነት ወይም ሐሰት በሉ» ይላል፤
ገልብጬዋለሁ።

አንደኛው ክፍል የተወለደው
የጂቡቲ መኪኖች በቆሙበት ሌሊት ነው።
በሞተር ጩኸት የምታንቀላፋ አዳማ፣
ጩኸቱ ሲቀርባት
ባንዴ ባነነች፣ መስኮት ከፈተች፤
ከኮረብታው ነጫጭ የነፋስ መዘውሮች
አየሩን ሲቀዝፉ፣ ሲቀዝፉ ተሰማ።

ዝምታን በኖታ ዕረፍት እንለዋለን።
ለተማሪዎቼ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣
«ዕረፍትም ሙዚቃ ነው፣ ቁጠሩት» ብያለሁ።
አሁን ግን ብዕሬ ዕረፍት ላይ ሲደርስ
እጄ ይያዛል፤
በኛ ቋንቋ እኮ «አረፈ» ከተባለ
ድንኳን ይተከላል።

ተማሪ ቤቴ ከሰኔ ወዲህ መጠለያ ነው።
በሰሌዳዬ ላይ ያሰመርኳቸው መስመሮች
አሁን ሌላ ይዘዋል፦
ስንት ራስ፣ ስንት ብርድ ልብስ።
አንዲት እናት፣ ልጇን እንዳዘለች፣
ወረቀቴን አየት አድርጋ
«ፒያኖ ይበላል?» አለችኝ።
አልተቆጣሁም።
ለግራ እጅ ጻፍኩት፣ ስድስት ኖታ ሆነ፤
ይመላለሳል፣
መልስ አላገኘሁለትም።

ሁለተኛው ክፍል። ሰዓት እላፊ ነው።
በመስኮቴ ባትሪ በራ፣ ጠመንጃም አየሁ፤
«በዚህ ሰዓት ምንድን ነው?» አለኝ ልጅ እግሩ።
«ቅኝት» አልኩት፣ ሌላ ቃል አጣሁ።
«እኛም ቅኝት ላይ ነን» አለና ሳቀ፤
ሳቁ ደረቀበት፤
ጥቂት ቆሞ ሰማ።
በባቲ ስመለስ፣ በሰደፉ እንጨት ላይ
በሁለት ጣቶቹ ምቱን መታ መታ።
ስሙን አልጠየቅኩም።
ምቱን ግን ጻፍኩለት፤ ከበሮ ስለሌለን
ቋ የምትለው ላ ትጫወተዋለች።

ኦርኬስትራዬ ላየው ያስቃል፦
ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ማሲንቆ፣
ከፖሊስ ባንድ በጡረታ የወጡት
የሃምሳ አለቃ ኡርጌሳ መለከት፣
ጥግ ላይ አንድ ሴሎ።
ሴሎው የሲምቦ ነው።
አጎቷን ልትጠይቅ በሐሙስ አውቶብስ ሄደች፤
ሐሙስ ራሱ ዘጠኝ ጊዜ ተመልሷል፤
እሷ ገና ናት።

ትናንት ለልምምድ ተሰባስበን፣
መቃኛዋን ላ ከየት እናምጣ ሲባል፣
ኡርጌሳ ከንፈራቸውን በመሀረብ ጠርገው
«ከኔ ውሰዱ» አሉ፤
ነፉ፣ ረጅም፣ የአንገታቸው ሥር እስኪገተር።
እሳቸው ሲያቆሙ ድምፁ አልቆመም።
ዞር ዞር አልን።
የሲምቦ ሴሎ ነበር፣ ማንም ሳይነካው፤
የላ ክሯ ብቻ፣ አቧራ እንደለበሰች፣
ለብቻዋ ታዜማለች።

ሦስተኛው ክፍል አላለቀም።
ለፒያኖው ጻፍኩ፣ ለመለከቱም ጻፍኩ፤
ከሲምቦ መስመር ስደርስ
ዕረፍት አላስቀመጥኩም።
ባዶውን ተውኩት።
ነገ ሐሙስ ነው፤
እርሳሴን ቀርጬ አውቶብስ ተራ እወርዳለሁ።