የውሃ ተራ

ቅዳሜ ማታ ነው፤ ባትሪዬን አብርቼ፣
ለነገ ስብከቴ ወንጌሉን ከፍቼ፣
ከማዳበሪያ ደረሰኝ ጀርባ ልጽፍ ተደፍቼ፣
ከአንድ ቃል ላይ ቀረሁ፣ ሌሊቱ ሲመጣ፤
የዓሣ እሾህ ናት መሰል፣ አትዋጥ፣ አትወጣ።

በአባታችን ሆይ ውስጥ፣ ከይቅርታው መሐል፣
“እንደ” የምትባል፣ ሦስት ፊደል ታህል፤
ሁልጊዜ የምንላት፣ ማንም የማይሰማት፣
እኛ ይቅር እንዳልን ማረን የምንልባት፤
ቁና ናት፣
በሰፈርንባት ነው የምንሰፈርባት።

የመጀመሪያው እሑድ ጮክ ብዬ ሰበክሁ፤
ድምፄ እንደሚያምር አውቃለሁ፣ ትንሽም ኮራሁ፤
“ቂም የያዘ ጸሎት ከጣራ አያልፍም” አልሁ።
ዓይኔ ግን ከኋላ፣ ከወይራው ግንድ ሥር፣ ይመርን ፈለገ፤
እሱም ጋቢውን ወደ አፉ ሳብ አደረገ።
ለማን እንደ ሰበክሁ ሕዝቡ ሁሉ ያውቃል፤
መርሳ ትንሽ ናት፣
ሽንኩርት ሲላጥ እንኳ ከዳር ዳር ይሸታል።

ነገሩ እንዲህ ነው፦
በኅዳር፣ ሐሙስ ሌሊት፣ ተራዬ ሲመጣ፣
ይመር አበጋዝ ውሃውን ጠልፎ ማሳውን አጠጣ፤
የኔ ሽንኩርት ግማሹ ከነቅጠሉ ነጣ።
“ልጄ ታማ ነበር፣ ሌሊቱ ተምታታብኝ” አለ።
አላመንሁትም።
ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲመጣ ሳየው፣
መስቀሌን ከኪሴ እንደ ጨበጥሁ አለፍሁ፣ ሳላሳልመው።

ሁለተኛው እሑድ ሸሸሁ፤ ስለ ጾም ተናገርሁ፣
የምላስም አይደለም፣ ስለ ሆድ ብቻ አወራሁ።
እማሆይ ዘርትሁን ከመሐል ተነሥተው፣
“አባ፣ ያለፈውን አልጨረሱትም” ሲሉኝ፣
“ይቀጥላል” አልሁ፤ ላብ አጠመቀኝ።

ማክሰኞ፣ የውሃ አባት እንድሪስ ሰይድ መጣ፤
አካፋውን ተደግፎ፣ “ልቁም” ብሎ፣ ነገር አመጣ፦
“እኔ የውሃ አባት፣ እርስዎ የነፍስ አባት፤
የኔ በጊዜው ባይደርስ፣ ሽንኩርት ነው የሚሞት።
የርስዎስ ባይደርስ?”
ሳቀና ሄደ፣
የመግሪብ አዛን ከወንዙ ማዶ እንደ ወረደ።

ሐሙስ ሌሊት ወጣሁ። ጨረቃ የለችም።
ተራው የኔ ነበር።
ቦዩን ሰብሬ ወደ ይመር ማሳ ለቀቅሁት፣
ውሃው በጨለማ ሲሳብ ሰማሁት፣
ጫማዬን አውልቄ ጭቃውን ረገጥሁት፤
ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አልዋሽም፣ ቆጨኝ።
የኔ ሽንኩርት ከጎን የሚያየኝ መሰለኝ፣
የልጆቼ ደብተር፣ የዘሩ ብድር ትዝ አለኝ፤
ሰዓቱ ሳይሞላ መልሼ ዘጋሁት።
ግማሽ ተራ ነው የሰጠሁት።

ዓርብ ጠዋት ከድልድዩ ላይ ተገናኘን።
ስለ ውሃው አላነሣም፣ አላመሰገነም፤
“እንዴት አደሩ፣ አባ?” አለኝ።
“ልጅህስ?” አልሁት።
“እስካሁን አልዳነችም።”

እስካሁን!
ሦስት ወር ሙሉ ስለ ሽንኩርቴ ሳዝን፣
ጠበል አላደረስሁላትም፣ አልጠየቅኋትም አንድ ቀን።
የነፍስ አባቷ እኔ ነኝ።
መስቀሌን አወጣሁ፤ እጄ ተንቀጠቀጠ፤
ተሳለመውና፣ አንዲት ቃል ሳይጨምር፣
ወደ ገበያው መንገድ ሄደ፣ እየፈጠነ፣ እየሮጠ።

ቅዳሜ ማታ ነው። ባትሪዬም ደክሟል፤
ነገ ከወይራው ሥር ሕዝቡ ይጠብቃል፤
እማሆይ ዘርትሁን ከፊት ይቀመጣሉ፣
“ይቀጥላል” ያልሁትን አይረሱም፣ ያስታውሳሉ።
ምን እላለሁ? ከ“እንደ” ገና አላለፍሁም።
እንዲህ እል ይሆናል፦
“ወገኖቼ፣ ግማሹን ነው እስካሁን ያደረስሁ፤
እኔም ተራ ሰው ነኝ፣
ተራዬን ስቆጥር የሰው ተራ አሳለፍሁ።”

ከዚያ ስብከቱን ትቼ፣ ጠበል በጀሪካን ይዤ፣
በቦዩ ዳር ዳሩን በጭቃው ተጉዤ፣
የይመርን በር አንኳኳለሁ።
ከዚያ ወዲያ፣
ተራው የሱ ነው።