ከባልዲ የወጣ ወንዝ

ስካርዳ ይወርዳል ጥቁር አሸዋ ላይ፣
አፉን ለባሕር ሰጥቶ፣ ጀርባውን ለሰማይ።
ድልድዩ ሥር ቆሞ ኦድጌር ሽማግሌው
መንጠቆውን ጥሎ ይጠብቃል እንደው፤
ሳልሞን ካየ ወዲህ ሰባት ዓመት አልፏል፣
ውሃ ብቻ ይይዛል፣ ውሃ ብቻ ይለቃል።

ስቴይኑን ከታች ቤት፣ የበግ በረት ጠርጋ፣
ገንዳ ደረደረች እንደ ሕፃን አልጋ፤
ምንጩን በፓምፕ ስባ።
ከጎረቤት ወንዝ፣ ከእናት ሆድ የታለበ፣
በየፍሬው መሐል ዓይን የተነጠበ፣
አርባ ሺህ እንቁላል።
እንቁላል ሲጠራ እንቁ ነው ግማሹ፤
ሌላው ግማሽ እንቅልፍ ነው፣ አጥተውት የሚያመሹ።

በወረንጦ ትለቅማለች የነጣውን፣ የሞተውን።
ደብተሯ ላይ ሌላ ነገር የለም፦
ስድስት ዲግሪ።
ስድስት ዲግሪ።
አምስት ተኩል።

«የባልዲ ልጅ» አለ ኦድጌር በደጇ አልፎ፣
«ከባሕር ቢመለስ፣ አድራሻው የት ተጽፎ?»
«አፍንጫው ላይ» አለች።
ወረንጦዋን አነሳች።

በጥር አንድ ሌሊት ነፋስ መብራቱን በላው፤
ፓምፑ አንዴ ተነፈሰ፣ ዝም አለ ከኋላው።
ስቴይኑን ባልዲ ይዛ ወደ ምንጩ ሮጠች፣
ሁለተኛ ባልዲ ስትሰማ ደነገጠች፤
ከኋላዋ ሲያቃስት የብረት እጀታ —
ኦድጌር ነው፣ ጢሙ በረዶ፤ አልሰጠም ሰላምታ።
ከምንጭ ወደ ገንዳ፣ ከገንዳ ወደ ምንጭ፣
እጃቸው እስኪደነዝዝ፣ ጨለማው እስኪቋጭ፤
በዚያ አገር በጥር ወር ንጋት እግሩ ከባድ ነው።

በሌላው ዓመት ሰኔ፣ ጣት አክለው፣ ብር ለብሰው፣
የጀርባቸው ትንሿ ክንፍ በመቀስ ተቆርጣ፣
ወንዙ ዳር ኩሬ ውስጥ ሰነበቱ፣ ውሃውን እየቀመሱ፤
አንድ ሌሊት መዝጊያው ተነሣ፤ ሳይሰናበቱ ፈሰሱ።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤
እያሳሳቀ ሲመልስ ግን ማን አይቶ ያወራል?

ኦድጌር አያወራም። በከርሞው ሐምሌ
ክሩ ተወጠረ።
ጉልበቱ ውሃ ውስጥ፣ ጣቱ ጀርባዋ ላይ፣
ሲዳብስ፣ ሲፈልግ፣ ደግሞ ቀና ሲል ወደ ሰማይ —
ትንሿ ክንፍ የለችም።

ሽቅብ ወጣ በኮረብታው፣ ያንኑ ባልዲ ተሸክሞ፣
ጅራቷ ከአፉ ውጪ ውሃ እየረጨበት፣
በበረቱ በር ቆሞ
«የባልዲ ልጅ መጣች» አለ፤ «ለመኸር እናት ትሆንሻለች።»
ከአርባ ሺው ስንቱ ቀረ? አልጠየቀም፣ አልነገረችም።

ደብተሯ ላይ፦
ስድስት ዲግሪ።
አንድ።