ምስክር

አንዱ አገር ይለኛል፣ «ፈተና ተቀመጥ»፤
ሌላው፣ «አራት ዓመት በሰው ፊርማ ሥር ሩጥ»፤
ሦስተኛው፣ «ዲግሪህን ቃል በቃል አስተርጉም፤
ኮርሱ ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ጠይቆ ዝም።
ኮንክሪት እንኳ ይጠናል በሃያ ስምንት ቀን፤
ሰባት ዓመት ዞረ የኔ ወረቀት ግን።

ኮዬ ፈጬ ሜዳ፣ ጭቃው ቦቲ ሲያወልቅ፣
ዛሬ ፎርም መጣልኝ፣ ምስክር የሚጠይቅ፦
«ሥራህን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ጥቀስ።»

ወርዶፋን ጻፍኩላቸው፣ የብሎክ ሰባትን ዘበኛ፣
ክረምቱን ከነልጆቹ በሶሌታዬ ሥር የተኛ።
የፈቃድ ቁጥር፦ የለውም።
ጠብታ ግን ፊቱ ላይ አልወረደም።

ሁለተኛው ምስክር?
ዝናቡን ልጽፍ ነው፤
ሌሊቱን ጣራዬን ሲፈትን ያደረው እሱ ነው።