ሰሙ ከሥር ነበር

ከቸርችል ቁልቁለት፣ ከሱቆቹ ጀርባ፣
ጣሪያው በሚያፈስስ፣ ጭቃ በሚገባ
ባንድ ጠባብ ክፍል
ጋሽ ዘርጋው ይጠርባል፣ እኔ ነኝ የምቀባ።

ሐሙስ የምትወሰድ አንዲት ጅግራ አለች፣
ቁመቷ ከክንዴ ጥቂት ዝቅ ያለች።
ነጠብጣቧን ሁሉ በክብሪት እንጨት ጫፍ
አንድ በአንድ አኖርኩት፣ ከመስመር ሳላልፍ።

ቫርኒሹን ስደርብ ግን፣ ከግራ ክንፏ ላይ
ኩርምት ብሎ ሸሸ፣ ዘይት ያገኘው ውሃ መሳይ።
አራገፍኩት። ፋቅኩት በብርጭቆ ወረቀት፤
ነጥቦቼም አብረው ረገፉ በዱቄት።
ደግሜ ቀለም። ደግሜ ቫርኒሽ።
ደግሞ ያው ቁስል።

«ዝናቡ ነው፣ ትርሲት» አለኝ ፊቱን ወደ መስኮት አዙሮ፤
«የሐምሌ እርጥበት ነው፤ አየሩ ከፍቷል ዘንድሮ።»
እኔም አኳራጁን ጠረጠርኩ፣ ብሩሼን፣ ቀለም ሻጩን ሰውዬ፤
ፒያሳ ወጥቼ ተጣላሁት፣ አጭበርብረኸኝ ነው ብዬ።
(ይቅርታ ልጠይቀው ይገባል። እስካሁን አልሄድኩም።)

በሦስተኛው ማታ፣ እሱ ለታክሲ ሰልፍ ሲወጣ፣
ክንፏን በጥፍሬ ጫርኩት። ከጥፍሬ ሥር
ነጭ ነገር ወጣ፤ አሸተትኩት፤ ሻማ ነበር።
ቀስ ብዬ ላጥኩት በቢላ አፍ፤
ከታቹ መሮ የሳተው ቦይ፣ ረጅም፣ ሰያፍ።

ትዝ አለኝ ያኔ፦ ካለፈው ጾም ወዲህ ሻይ ሲጠጣ
ብርጭቆውን በሁለት እጁ ነው የሚያነሣ።
በርዶት ነው ብዬ ነበር።

ትምህርት ቤት ሰም ከላይ ነው ሲሉን ኖረው፣ ወርቁ ከሥር፤
እዚህ ሰሙን ራሱን ቆፍሬ አወጣሁት ከሥር፣
ወርቅ ግን አልፈለግኩም።
ቤንዚን ባስነካሁት ጨርቅ ጠረግኩ፤
የራሱን የዋንዛ ብናኝ በኮላ ለወስኩ፤
ቦዩን ሞላሁት፤ ሲደርቅ አለሰለስኩ።
ነጥቦቹ አሁን በዚያ በኩል ሰያፍ ወርደዋል፤
ስትሮጥ ነፋስ የገለበጠው ላባ ይመስላል።

ጠዋት ገባ። ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ
ጣቱን ክንፏ ላይ ሰደደ፤ ቦታዋን አላጣትም።
ምንም አላለም። ምንም አላልኩም።
ውጭ ፀሐይ ነበር፤ የፖስታ ቤቱ መስኮት ያበራል።
«ዝናቡ ነበር» አልኩት፤ «አየሩ ሲደርቅ ይኸው ይይዛል።»

ያን ቀን የሁለተኛዋን ጅግራ ዓይን ሳይጀምር ተወ፤
መሮውን ከብሩሾቼ መሃል አቆመ።